ግፊት በውሃ ብዛት አይለካም፦ ስለ ፈሳሽ ግፊት የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ፈሳሽ ውስጥ ግፊትን የሚወስነው ከላይ ያለው የፈሳሹ ቁመት ነው። አንድ ሜትር ቁመት ያለው ውሃ 9.8 ኪሎ ፓስካል፣ ማለትም 0.1 ባር ገደማ ግፊት ይፈጥራል፤ ዐሥር ሜትር ውሃ አንድ ባር ለመሙላት ጥቂት ይቀረዋል። ይህችን ቁጥር የያዘ ሰው ከታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን ራሱ ያርማቸዋል። ሳይዛት ሮቶ የሚገዛና ፓምፕ የሚያስገጥም ግን ብዙ ጊዜ ለማያስፈልገው ነገር ይከፍላል።

«ሮቶው ትልቅ ከሆነ ሻወሩ በኃይል ይመጣል»

ውሃው ለብዙ ቀን ይበቃል እንጂ በኃይል አይመጣም። 1,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶና 5,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ ውስጣቸው ያለው ውሃ እኩል ከፍታ ላይ እስከሆነ ድረስ ቧንቧው ጋ የሚደርሰው ግፊት አንድ ነው። የሚቆጠረው ከሮቶው የውሃ ገጽ እስከ ሻወሩ አናት ያለው ቀጥ ያለ ቁመት ብቻ ነው።

እናስላው። 3 ሜትር ቁመት ባለው የብረት ማማ ላይ የተቀመጠ ሮቶ ውስጥ 1 ሜትር ውሃ ቢኖር፣ የውሃው ገጽ ከመሬት 4 ሜትር ላይ ነው። ሻወሩ 2 ሜትር ላይ ከተሰቀለ የሚቀረው ልዩነት 2 ሜትር፣ ማለትም 0.2 ባር ብቻ ነው። ብዙ የልብስ ማጠቢያ ማሽኖች ቢያንስ ከ0.3 እስከ 0.5 ባር ይጠይቃሉ። እዚህ ላይ መፍትሔው ሮቶውን መቀየር ሳይሆን ማማውን ማስረዘም ነው፤ በየሜትሩ 0.1 ባር ይጨምራል። ማስረዘም ካልተቻለ ከሮቶው ሥር አነስተኛ የግፊት ማሳደጊያ ፓምፕ መግጠም ነው።

ትልቁ ሮቶ ይዞት የሚመጣው ነገር ክብደት ነው። 5,000 ሊትር ሲሞላ 5 ቶን ነው። ማማው አራት እግር ካለው በእያንዳንዱ እግር ላይ 1.25 ቶን ያርፋል። የእግሩ መርገጫ 10 በ10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ መሬቱ ላይ የሚያርፈው ግፊት 12 ባር ገደማ ይሆናል፤ ክረምት የራሰ ጥቁር አፈር ይህን አይችልም፣ ማማው ያዘነብላል። በየእግሩ ሥር 50 በ50 ሳንቲ ሜትር የኮንክሪት መሠረት ቢደረግ ያው ክብደት ሃያ አምስት እጥፍ በሚሰፋ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ ግፊቱ ወደ 0.5 ባር ይወርዳል። ክብደቱ ግን አልተቀነሰም።

ይህ ስህተት በግድብ ላይም ይደገማል። ብዙ ሰው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ስለሚይዝ ግንቡን የሚገፋው ኃይልም በዚያው ልክ ይመስለዋል። ግንቡ ግን ሐይቁ ስንት ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ እንደተኛ «አያውቅም»፤ የሚሰማው ከፊቱ ያለውን ጥልቀት ነው። የሕዳሴው ዋና ግድብ ቁመት 145 ሜትር ነው። የተከዜ ግድብ 188 ሜትር፣ ጊቤ ሦስት ደግሞ 243 ሜትር ናቸው። ተከዜ የሚይዘው ውሃ 9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ፣ ማለትም የሕዳሴው አንድ ስምንተኛ ያህል ሆኖ ሳለ፣ ሁለቱም ሲሞሉ ግርጌው ላይ ያለው ግፊት ከሕዳሴው ይበልጣል። በ100 ሜትር ጥልቀት ውሃ አንድ ሜትር ወርድ ያለውን የግንብ ክፋይ ከላይ እስከ ታች በድምሩ ወደ 5,000 ቶን በሚጠጋ ኃይል ይገፋዋል፤ ጥልቀቱ እጥፍ ቢሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ነው። የሕዳሴው ዋና ግድብ ከታች እየወፈረ የሚሄደውም ለዚህ ነው።

«ቀጭን ቧንቧ ግፊት ይጨምራል»

የጎማ ጫፍ በአውራ ጣት ሲጫን ውሃው ራቅ ብሎ ይፈነጠቃል፤ ክርክሩ ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው። ቧንቧዎች ሁሉ ተዘግተው ውሃው በቆመበት ሰዓት ግማሽ ኢንችና ሁለት ኢንች ቧንቧ ውስጥ ያለው ግፊት፣ ከፍታቸው እኩል ከሆነ፣ እኩል ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ውሃው ሲፈስ ነው። ያኔ ሰበቃ ግፊትን ይበላል፣ በቀጭን ቧንቧ ደግሞ እጅግ ይከፋል፤ በደቂቃ የሚፈሰው መጠን ሳይለወጥ የቧንቧው ውስጠኛ ወርድ በግማሽ ቢቀንስ የሚባክነው ግፊት ወደ 32 እጥፍ ይደርሳል።

ታዲያ አውራ ጣቱስ? ጣት ጫፉን ሲያጠብ የሚፈሰው ውሃ ይቀንሳል፤ ፍሰቱ ሲቀንስ ጎማው ውስጥ በሰበቃ የሚባክነው ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከጣቱ ኋላ ያለው ግፊት ወደ ምንጩ ግፊት ይጠጋል፣ በቀዳዳው ሲወጣም ወደ ፍጥነት ይለወጣል። ውሃው ፈጠነ እንጂ አልበዛም። ማረጋገጥ የሚፈልግ ባልዲ ይሙላ፤ ጣቱን ጭኖ ሲሞላ የበለጠ ጊዜ ይፈጅበታል። በቧንቧ መሐል ያለ ጠባብ ቦታ ደግሞ ነገሩን ጭራሽ ይገለብጠዋል፤ ውሃው እዚያ ሲፈጥን ግፊቱ ይቀንሳል። ዳንኤል በርኑሊ እ.ኤ.አ. በ1738 ያሳተመው ሐሳብ ይኸው ነው።

በሥራ ላይ ሲውል፦ ከሮቶው በአንድ ኢንች ወይም ከዚያ በሚሰፋ ቧንቧ ይውረድ፣ ወደ ግማሽ ኢንች የሚጠበው መጨረሻ ላይ ነው፣ ጎሚቶም (የቧንቧ ማጠፊያ) ባነሰ ቁጥር ይሻላል። ግፊቱ ራሱ 0.2 ባር በሆነበት ቤት ለብክነት የሚተርፍ ነገር የለም። አንድ ተጨማሪ ነገር፦ ቧንቧው ወርዶ እንደገና ጉብታ ሠርቶ ከወጣ አናቱ ላይ አየር ይታፈናል፣ ውሃውም ይቆራረጣል ወይም ጭራሹን ይቆማል። ይህ ከግፊት ማነስ ጋር በቀላሉ ይምታታል። ቧንቧው ሳያቋርጥ እያዘቀዘቀ እንዲሄድ ማድረግ፣ ካልሆነም ጉብታው ላይ አየር ማስወጫ መግጠም ነው መፍትሔው።

«ጎበዝ ፓምፕ ከፈለገው ጥልቀት ውሃ ይስባል»

ውሃ አይሳብም። ፓምፕ የሚያደርገው መግቢያው ላይ ያለውን ግፊት መቀነስ ብቻ ነው፤ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው ጉድጓዱ ውስጥ ባለው ውሃ ላይ የተጫነው አየር ነው። ለስላሳ በስትሮ ስንጠጣም የሚሆነው ይኸው ነው። ጣሊያናዊው ቶሪቼሊ እ.ኤ.አ. በ1640ዎቹ በሜርኩሪ በተሞላ የመስታወት ቱቦ አሳየው፤ አየሩ 76 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሜርኩሪ ተሸክሞ ይቆማል፣ በውሃ ሲሆን 10.3 ሜትር። ከዚያ በላይ ፓምፑ ፍጹም ባዶ ቦታ ቢፈጥር እንኳ የሚገፋ ነገር የለም።

10.3 ሜትሩ ግን የባሕር ወለል ቁጥር ነው፤ እኛ ደግሞ ከፍታ ላይ ነን። ባሕር ዳር፣ 1,800 ሜትር ላይ፣ የአየሩ ግፊት መሸከም የሚችለው 8.3 ሜትር ገደማ ውሃ ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ስለሆነ ጣሪያው 7.8 ሜትር ይሆናል። ደብረ ብርሃን ላይ 7.3 ሜትር ገደማ። ከዚህ ላይ የቧንቧው ሰበቃና የውሃው ትነት ሲቀነሱ አዲስ አበባ ውስጥ በተግባር ሊታመንበት የሚገባው ከ5 እስከ 6 ሜትር ነው። ካርቶኑ ላይ «8 ሜትር ይስባል» ተብሎ የተጻፈው በባሕር ወለል ሒሳብ ነው፤ 2.5 ሜትር ይቀንሱለት።

ባለጉዳዩ ብዙ ጊዜ የሚወስደው እርምጃ የፈረስ ጉልበቱ ከፍ ያለ ሞተር መግዛት ነው። ይሄ ያባብሰዋል። መግቢያው ላይ ግፊቱ በጣም ሲወርድ ውሃው ሳይሞቅ ይፈላል፤ የተፈጠሩት አረፋዎች ፓምፑ ውስጥ ግፊት ወዳለበት ሲደርሱ ተመልሰው ይፈርሳሉ፣ በዚያ ቅጽበትም የሚሽከረከረውን ምላጭ ይበሱታል። ምልክቱ ድምፁ ነው፤ ጠጠር የሚፈጭ ይመስላል። ያንን ድምፅ የሰማ ሰው ሞተሩን ያጥፋ።

የሚሠራው ይህ ነው፦ ፓምፑን ወደ ውሃው ማውረድ፣ ለምሳሌ ጉድጓዱ ውስጥ በተሠራ መደርደሪያ ላይ። የመግቢያውን ቧንቧ ከመውጫው ያላነሰ ወርድ ያለው፣ አጭርና ቀጥ ያለ ማድረግ። ጫፉ ላይ ውሃ የማይመልስ ቫልቭ መግጠም፣ ከማስነሣትዎ በፊትም ፓምፑንና ቧንቧውን ውሃ መሙላት። የውሃው ገጽ ከፓምፑ ከ6 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ከሆነና ፓምፑን ማውረድ ካልተቻለ ደግሞ የሚሻለው ውሃ ውስጥ የሚጠልቅ ፓምፕ መግዛት ነው፤ እሱ ከታች ስለሚገፋ የአየሩ ጣሪያ አይመለከተውም፣ ሞተሩ ከቻለ 100 ሜትርም ይገፋል።

ፓምፑ እየሳበ የሚቆራረጥ ከሆነ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የመግቢያው መጋጠሚያ ነው። ይህ ቀዳዳ አያንጠባጥብም፤ ውስጡ ያለው ግፊት ከውጭው ስለሚያንስ ውሃ ከማውጣት ይልቅ አየር ያስገባል። በዓይን ስለማይታይ ነው ሰው ሞተሩን የሚከሰው። መሞከሪያው ቀላል ነው፤ ቧንቧውን እስከ አፉ ሞልተው ሳያስነሡት ያቆዩት። የውሃው ልክ ከወረደ ወይ ጫፉ ላይ ያለው ቫልቭ፣ ወይ አንዱ መጋጠሚያ ያፈስሳል።

«ውሃ የሚጫነው ወደ ታች ነው፤ ከባድ ነገር ደግሞ ይሰምጣል»

በአንድ ነጥብ ላይ ያለ የፈሳሽ ግፊት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ነው፦ ወደ ታች፣ ወደ ጎን፣ ወደ ላይም። ወደ ጎን የሚገፋው በጎርፍ የተከበበ መኪና ላይ ይታያል። የበሩ ስፋት 1 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ ውሃውም በአማካይ ግማሽ ሜትር ጥልቀት ቢኖረው፣ በሩ ላይ ወደ 500 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ክብደት እንደተደገፈ ይቁጠሩት። ማንም አይከፍተውም። ከበሩ ጋር መታገል ትቶ ኤሌክትሪኩ ሳይቋረጥ መስኮቱን ማውረድ ነው።

ወደ ላይ የሚገፋው ዕቃዎችን የሚያንሳፍፈው ነው። አንድ ዕቃ የሚሰምጠው ክብደቱ ቦታውን ከለቀቀለት ውሃ ክብደት ሲበልጥ ነው፤ ምስማር የሚሰምጠው፣ የብረት መርከብ የሚንሳፈፈው በዚህ ነው። ደናክል ውስጥ ባለው የጨው ሐይቅ ሰው ሳይዋኝ የሚንሳፈፈው ጨዋማው ውሃ እፍግታው (በእኩል መጠን ሲለካ ክብደቱ) ስለሚበልጥ ነው። ጥልቀት ሲጨምር የሚያንሳፍፈው ኃይል አይጨምርም፤ ከላይም ከታችም ያለው ግፊት አብሮ ስለሚያድግ ልዩነቱ ያው ነው።

በዚህ ረገድ ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው ስህተት መሬት ውስጥ የተቀበረ ሮቶ ነው። ክረምት የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ ሲል ለማጽዳት ተብሎ ባዶ የተደረገ 5,000 ሊትር ሮቶ በ5 ቶን ኃይል ወደ ላይ ይገፋል፤ አፈሩን ሰንጥቆ ይወጣል። በኮንክሪት ብቻ ወደ ታች ለመያዝ ስንት ያስፈልጋል? የተለመደው ስሌት 5ን ለ2.4 አካፍሎ 2.1 ሜትር ኩብ ይላል፤ አንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት 2.4 ቶን ነውና። ነገር ግን ኮንክሪቱም ውሃ ውስጥ ነው፣ እሱም በየሜትር ኩቡ 1 ቶን ይቀልለታል። የሚቀረው 1.4 ቶን ስለሆነ የሚያስፈልገው 3.6 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ጽዳቱን ወደ በጋ ማዛወር ግን ምንም አያስወጣም።

«ጌጁ ዜሮ ካለ ግፊት የለም»

የጎማ ጌጅ (የግፊት መለኪያ) የሚያነበው በውስጥና በውጭ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። አዲስ አበባ ላይ ዜሮ የሚያሳይ የተንፈሰ ጎማ ውስጥ አሁንም 0.76 ባር አየር አለ።

ይህ ጅቡቲ ለሚመላለስ ሾፌር ቁም ነገር ነው። አዲስ አበባ ላይ በ15 ዲግሪ ሴልሺየስ 2.2 ባር የተሞላ ጎማ በውስጡ በጠቅላላው 2.96 ባር ይዟል። ጅቡቲ ወደብ ላይ የውጭው አየር 1.01 ባር ስለሆነ፣ ሙቀቱ ባይለወጥ ኖሮ ጌጁ 1.95 ያነብ ነበር። ሙቀቱ ግን ይለወጣል፤ አየሩ 40 ዲግሪ ሲደርስ የውስጡ ግፊት ወደ 3.22 ባር ያድጋል፣ ጌጁም እንደገና 2.2 ያነባል። አንዱ ሌላውን አካካሰው። አደጋው በመልሱ ጉዞ ነው፦ ጅቡቲ ላይ ከጉዞ እንደቆመ፣ ጎማው በመንገዱ ግለት ከአየሩም በላይ ሞቆ ሳለ ልኩን አይቶ «በዛ» ብሎ ያስተነፈሰ ሾፌር፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ጎማው ከሚፈለገው በታች ሆኖ ያገኘዋል። ልኩ መታየት ያለበት ጠዋት፣ መኪናው ሳይነዳ፣ ጭነቱ በሚጓጓዝበት አካባቢ ነው።