ቲሸርት፦ ከሸሚዝ ሥር የወጣው ልብስ

አባቴ ቲሸርት የሚለውን ቃል ሲጠቀም ሰምቼው አላውቅም። ለእሱ ሁሉም ካናቴራ ነው። እጅጌ ያለውም፣ የሌለውም፣ ነጩም፣ የቦብ ማርሌይ ፎቶ የታተመበትም። ቃሉን ያገኘነው ከጣሊያኖች ነው። በእነሱ አፍ ካኖቲዬራ እጅጌ አልባው የውስጥ ልብስ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ከጀልባ ቀዛፊዎች ነው። የኳስ ተጫዋች ልብስ የምንልበት ማሊያም ጣሊያንኛ ነው። እሱ ደግሞ በሹራብ ሥራ የክር ዓይን ማለት ነው። አንዱ ቃል ልብሱ ውሃ ላይ ከሚውሉ ሰዎች ጋር ያለውን ዝምድና ይናገራል፣ ሌላው አሠራሩን።

ከአሠራሩ ልጀምር፤ ቲሸርትን ቲሸርት ያደረገው እሱ ነውና። ሽሮ ሜዳ የሚሸመን ሸማ ድርና ማግ አለው። ድሩ በቁመት ተወጥሮ ይቆማል፣ ማጉ በመወርወሪያ ይመላለስበታል። ስለዚህ ሸማ ቢስቡት እምብዛም አይለጠጥም። ቲሸርት ግን አልተሸመነም። እንደ ሹራብ ነው የተሠራው። ክሩ ቀለበት እየሆነ፣ አንዱ ቀለበት በሌላው ውስጥ እያለፈ ይሄዳል። ቀለበቶቹ ሲሳቡ ይሰፋሉ፣ ሲለቀቁ ይመለሳሉ። ያለ ቁልፍ በጭንቅላት ገብቶ አንገት ላይ ልክ የሚሆነው ለዚህ ነው። ጨርቁን የሚሠራው ማሽን ደግሞ ክብ ስለሆነ ጨርቁ እንደ ቧንቧ ሆኖ ይወጣል። ቤት ያላችሁን ቲሸርቶች ገልብጡና ጎናቸውን እዩ። አንዳንዶቹ ከብብት ወደ ታች ስፌት የላቸውም። ቧንቧው እንዳለ ተቆርጦ እጅጌ ተቀጥሎለት ነው።

ወደ ታሪኩ ስንመጣ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ብዙ ወንዶች የሚለብሱት የውስጥ ልብስ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት አንድ ወጥ ነበር። ፊት ለፊቱ የቁልፍ መዓት ነው። ሙቀት ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች ወገቡ ላይ ለሁለት ይቆርጡት ጀመር። በ1904 ኩፐር የተባለ የውስጥ ልብስ አምራች ለላጤዎች የሚሆን ቁልፍ አልባ ካናቴራ አለኝ ብሎ ማስታወቂያ አስነገረ። ነገሩ ግልጽ ነው፦ ሚስት የለህም፣ ቁልፍ መትከል አይሆንልህም፣ እንግዲያው ቁልፍ የሌለው ልበስ። በ1913 ደግሞ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለመርከበኞቹ ከደንብ ልብሳቸው ሥር የሚለብሱት አድርጎ ሰጣቸው። መርከበኛው ሥራ ሲበዛበትና ሲሞቀው ላዩን አውልቆ በእሱ ብቻ መዋል ጀመረ። ስሙ የመጣው ከቅርጹ ነው። እጅጌው ተዘርግቶ ሲነጠፍ የላቲኑን ቲ ፊደል ይመስላል።

ያኔም ቢሆን ከተማ ውስጥ በእሱ ብቻ መታየት ነውር ነበር። ነውሩን የሰበረው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ወታደሮች ለብሰውት ኖሩ፣ ሲመለሱም አላወለቁትም። ላይፍ መጽሔት በጁላይ 1942 እትሙ ሽፋን ላይ አንድ ወታደር አወጣ። ደረቱ ላይ የአየር ኃይል የተኳሾች ትምህርት ቤት ስም ታትሟል። ጽሑፍ ያለበት ቲሸርት በእንዲህ ያለ ትልቅ መጽሔት ሽፋን ላይ ሲወጣ ከቀደሙት አንዱ ነው። ከዚያ ማርሎን ብራንዶ መጣ። በ1951 በወጣው ፊልሙ ላይ በላብ የራሰ፣ ደረቱ ላይ የተጣበቀ ቲሸርት ለብሶ ታየ። በዘመኑ ሱቅ የሚገኘው ሰፊ ስለነበር የፊልሙ አልባሳት ባለሙያ እያጠበችና እያስጠበበች ነው ልኩ ያደረገችው። ከአራት ዓመት በኋላ ሌላው የፊልም ተዋናይ ጄምስ ዲን ነጭ ቲሸርት ከቀይ ጃኬት ሥር ለበሰ። ጉዳዩ አለቀ። ወላጅ የሚቆጣበት ልብስ ሆነ ማለት ወጣት ሁሉ የሚፈልገው ልብስ ሆነ ማለት ነው።

ደረት ላይ መልእክት ማስተላለፉን ፖለቲከኞች ቶሎ ነቁበት። በ1948 ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት የተወዳደረው ቶማስ ዲዊ በስሙ የሚጫወት መፈክር ያለበት ቲሸርት አሠርቶ ነበር። ምርጫውን ተሸነፈ፣ ቲሸርቱ ግን ዛሬ ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ውስጥ አለ። በኋላ ፕላስቲክነት ያለው፣ በሙቀት ደርቆ ከጨርቁ ጋር የሚጣበቅ ቀለም ሲመጣ ህትመቱ ረከሰ። የሮክ ሙዚቃ ባንዶች፣ የቢራ ፋብሪካዎችና የጸረ ጦርነት ሰልፈኞች ሁሉም ተሻሙበት። ዲዛይነሩ ሚልተን ግሌዘር «ኒው ዮርክን እወዳለሁ» የሚለውን የቀይ ልብ ምልክት በ1976 ታክሲ ውስጥ ሆኖ ፖስታ ላይ ሞነጫጨረው። ለከተማው ብሎ በነጻ ነበር የሠራው። ዛሬ በየትኛውም አገር የቱሪስት ሱቅ ውስጥ የዚያ ቲሸርት ቅጂ አይጠፋም።

እኔ ግን ከሁሉም የምወደው የካትሪን ሃምኔትን ታሪክ ነው። በ1984 ይህች እንግሊዛዊት ዲዛይነር በማርጋሬት ታቸር ግብዣ ላይ ተጋበዘች። ጃኬቷን ቆልፋ ገባች። ጠቅላይ ሚኒስትሯን ለመጨበጥ ተራዋ ሲደርስ ከፈተችው። ከሥሩ ያለው ቲሸርት 58 በመቶው ሕዝብ ፐርሺንግ የተባለውን የአሜሪካ ኑክሌር ሚሳይል እንደማይፈልግ በጉልህ ጥቁር ፊደል ይናገር ነበር። ፎቶው በማግስቱ ዓለምን ዞረ። ንግግር አድርጊ ብትባል አንድ ደቂቃ አይሰጧትም ነበር።

የእኛ አገር ነገር ትንሽ ለየት ይላል። በእነሱ ዘንድ ቲሸርት አንድ ሰው እኔ እንዲህ ነኝ የሚልበት ነው። እኛ ጋ ብዙውን ጊዜ እኛ ማለት ነው። ብቻውን የታተመ ቲሸርት የሚለብስ ቢኖርም፣ ደምቆ የሚታየው በጅምላ የተለበሰው ነው። ተማሪው ሲመረቅ ያሳትማል፣ የካቲት 23 ለአድዋ ምኒልክና ጣይቱ ይታተማሉ፣ ወጣት ሲሞት ፎቶው ጓደኞቹ ደረት ላይ ሆኖ ይቀበራል። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በ2001 በ10 ሺህ ሰው ሲጀመር ራሱ ኃይሌ ገብረሥላሴ ነበር ያሸነፈው። ለአብዛኛው ሯጭ ግን ውድድሩ ከቲሸርቱ ይጀምራል። ያለ እሱ መግባት የለም፤ ስለዚህ ሳምንቱን ሁሉ ሰው የሚጠያየቀው ስንት ደቂቃ እንደሚሮጥ ሳይሆን ቲሸርት አገኘህ ወይ እየተባባለ ነው። ዕለቱ ሲደርስ መስቀል አደባባይ በአንድና በሁለት ቀለም ተሞልቶ ሲዘፍን፣ ሩጫ መሆኑን የሚያስታውሱት የፊተኞቹ ብቻ ናቸው።

የጥምቀቱማ ልዩ ነው። በየሰፈሩ የታቦት መንገድ የሚያጸዱ፣ ምንጣፍ የሚያነጥፉ ወጣቶች ብር አዋጥተው አንድ ዓይነት ያሠራሉ። አንድ ዓመት የኛ ሰፈር ልጆች 60 አዘዝን። ማተሚያ ቤቱ የት እንደሆነ ይቅር። አሠራሩን ያኔ ነው በቅርብ ያየሁት። ፍሬም ላይ የተወጠረ ስስ ጨርቅ አለ። በላዩ ብርሃን ሲመታው የሚጠነክር ፈሳሽ ይቀባል፣ ጽሑፉ በጥቁር የታተመበት ፕላስቲክ ይደረግበታል፣ ከዚያ ብርሃን ይበራበታል። ጥቁሩ የጋረደው ቦታ ሳይጠነክር ይቀርና በውሃ ይታጠባል። ቀለሙ በጎማ መጥረጊያ ሲሳብ በዚያ ክፍተት ብቻ አልፎ ቲሸርቱ ላይ ያርፋል። ለእያንዳንዱ ቀለም ሌላ ፍሬም ያስፈልጋል። የማተሚያ ቤት ሰው ከዋጋ በፊት ስንት ቀለም ነው ብሎ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። እኛ አንድ ቀለም አልን፣ ጽሑፉን ወረቀት ላይ ጽፈን ሰጠን።

የከተራ ዕለት ጠዋት ተቀብለን ስንዘረጋው «እንኳን ለብርሃነ ጥቅምቱ አደረሳችሁ» ይላል። 60ውም። መቀየሪያ ጊዜ የለ፣ ብሩ አልቋል። ለበስነው። ጥር ላይ ጥቅምትን ስናከብር ዋልን። አንድ ሽማግሌ አንገታቸውን ዘመም አድርገው ካነበቡ በኋላ «ልጆቼ፣ ዘንድሮ ቀደማችሁ ወይስ ዘገያችሁ?» አሉን።

ከአገር ውጭም ያው እኛ ነው። ሰሜን አሜሪካ በየዓመቱ የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ በዓል ሲካሄድ፣ ከሜዳው ውጭ ከእንጀራው ቀጥሎ የሚሸጠው ቲሸርት ነው። ሀ ሁ የተጻፈበት፣ ባንዲራው፣ አንበሳው። አማርኛ ማንበብ የማይችል ልጅ ፊደል ደረቱ ላይ ይዞ ይሮጣል። ቦብ ማርሌይ ደግሞ በተቃራኒው መንገድ ነው የገባው። የእኛን ቀለማት ይዞ ዓለምን ዞሮ ቲሸርት ላይ ሆኖ ተመለሰ። በየካቲት 2005 60ኛ ልደቱ መስቀል አደባባይ በኮንሰርት ሲከበር ፊቱ ያልታተመበት ደረት መፈለግ ነበረብህ።

የሰልባጁን ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ልባሽ ጨርቅ ማስገባት ክልክል ቢሆንም ገበያው ጠፍቶ አያውቅም። የታክሲ ረዳቱ የአንድ አሜሪካ ትምህርት ቤት የቅርጫት ኳስ ቡድን ስም ደረቱ ላይ አንግቦ ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ ይላል። ስሙ ምን ማለት እንደሆነ ጠይቀውት እንደሆነ እንጃ፤ ለእሱ ጨርቁ ጥሩ ነው፣ በቃ። እውነትም የድሮው ጥጥ ወፍራም ነው።

አዲሱን የመስፋቱ ሥራም እኛ ጋ መጥቶ ነበር። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ተከፍቶ ለውጭ ብራንዶች ልብስ ሲሰፋ ከርሟል። ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚያስገባው የአጎዋ ዕድል ስትወጣ ሥራው ክፉኛ ተመታ። ጥጡ በበኩሉ ውሃ ይጠጣል። ለአንድ ቲሸርት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ቁጥር 2,700 ሊትር ነው። አንድ ሰው ሁለት ዓመት ተኩል ያህል የሚጠጣው ማለት ነው።

ቲሸርት ሲያረጅ ያለው ደረጃ በየቤቱ ይታወቃል። መጀመሪያ የክት፣ ቀጥሎ የዘወትር፣ ቀጥሎ የሌሊት፣ መጨረሻ ወለል መወልወያ። ያ ፕላስቲክ ቀለም ግን ከጨርቁ ዕድሜ ይበልጣል። ባለፈው ቅዳሜ እናቴ ቤት ሳሎን ስወለውል ጨርቁን ጨምቄ ዘረጋሁት። ብብቱ ተቀዷል፣ አንገቱ የለም። ጥቅምቱ ግን አንድ ፊደል አልጎደለበትም።