የዲዛይነር ፖርትፎሊዮ በአዲስ አበባ

ፖርትፎሊዮ አንድ ዲዛይነር ከሠራቸው ሥራዎች መርጦ፣ አደራጅቶና አብራርቶ ለቀጣሪ፣ ለደንበኛ ወይም ለትምህርት ቤት የሚያሳየው ስብስብ ነው። በግራፊክ ዲዛይን፣ በአርክቴክቸር፣ በፋሽን፣ በፎቶግራፍና በአፕ ዲዛይን ሙያ ከዲግሪ በፊት የሚጠየቀው እሱ ነው። አዲስ አበባም ውስጥ እንደዚያው ሆኗል። አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ዲዛይነር ሲፈልግ የትምህርት ማስረጃውን በኋላ ሊያየው ይችላል። መጀመሪያ የሚለው "እስቲ ሥራህን አሳየኝ" ነው።

ሙያው በአገራችን አዲስ አይደለም። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የተቋቋመው በ1914 ዓ.ም. ነው። በቺካጎ የተማሩት ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን በ1950 ዓ.ም. መሠረቱ። በዚያ ቤት ሠዓሊዎቹ ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎሲያን አስተምረዋል፤ ይግዙ ብስራት ደግሞ የፊደል አጣጣልን ጥበብ አስተላልፈዋል። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ "የ13 ወር ፀጋ" የሚለውን መፈክር ይዘው የኢትዮጵያን የቱሪዝም ፖስተሮች ለዓለም ያሰራጩት በ1950ዎቹ ነው። እነዚህ ሰዎች በስማቸው ይታወቃሉ። የድሮ የክብሪት ቀፎዎችን፣ የሸቀጥ መለያዎችንና የሱቅ ታፔላዎችን ማን እንደሠራቸው ግን ዛሬ የሚነግረን ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ሥራው አለ፣ ሠሪው የለም። ይህ ሁሌም ያሳዝነኛል። ፖርትፎሊዮን እንደ ሥራ መፈለጊያ ብቻ የማላየውም ለዚህ ነው። የሙያው ማኅደር ነው።

ዛሬ ወደ ሙያው የሚገባበት በር ብዙ ነው። የአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት አሁን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። ለመግባት የተግባር ፈተና አለ፤ እርሳስ ይዞ ተቀምጦ መሣል ግድ ነው። አርክቴክቸር የሚፈልግ ልደታ ወደሚገኘው የሕንፃ ኮሌጅ ይሄዳል። ሌላው ብዙኃኑ ግን በአጫጭር ኮርሶች፣ በዩቲዩብና በማተሚያ ቤት ውስጥ በልምድ የሚማር ነው። በማተሚያ ቤት የተማረ ልጅ አንድ ትልቅ ነገር ይዞ ይወጣል። በስክሪን ላይ የሚያበራው ሰማያዊ ወረቀት ላይ እንደሚደበዝዝ በዓይኑ አይቷል። ሥራን ከአርጂቢ (ከስክሪን የቀለም ሥርዓት) ወደ ሲኤምዋይኬ (ወደ ኅትመት የቀለም ሥርዓት) መቀየር ለሱ ንድፈ ሐሳብ አይደለም፤ ደንበኛ ተናዶ ባነሩን የመለሰበት ቀን ነው።

የጀማሪ ፖርትፎሊዮ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በመብዛት ነው። በኮምፒውተሩ ያለው ሁሉ ይደረደራል። የሎጎ መዓት፣ የእንቁጣጣሽ ፖስተር፣ የጓደኛ የልደት ባነር፣ ከኢንተርኔት ታይቶ የተሠራ መለማመጃ። የሚያየው ሰው ግን ሥራ የሚበዛበት ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ቢሰጥ ነው። ከስድስት እስከ አሥር በደንብ የተብራራ ሥራ ይበቃል። ደካማ ሥራ ጠንካራውን ይጎትተዋል። የሚጠራጠሩበትን ማውጣት ይሻላል።

"የተብራራ" ስል ምን ማለቴ እንደሆነ በአንድ ሥራ ላሳይ። አንድ ዲዛይነር ለአንዲት አነስተኛ ቡና ቆልታ ለምትሸጥ ነጋዴ የ250 ግራም ከረጢት ሠራ እንበል። የመጀመሪያው ገጽ ያለቀው ከረጢት ፎቶ ነው። ከኢንተርኔት የወረደ ሞክአፕ፣ ማለትም ንድፉ በኮምፒውተር የተለጠፈበት የማስመሰያ ምስል፣ ሳይሆን ታትሞ፣ ቡና ተሞልቶ፣ መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን የተነሣ ቢሆን ይመረጣል። ቀጥሎ ችግሩ ይመጣል። በሱፐርማርኬቱ መደርደሪያ ላይ ያሉት ከረጢቶች አብዛኞቹ ጀበናና የቡና ፍሬ ያለባቸው ናቸው፤ የሷ ከሌሎቹ አይለይም ነበር። ከዚያ የደብተር ላይ ንድፎች፣ ስርዝ ድልዙ ሳይቀር። ከዚያ ያልተሳካው ሙከራ። "ይርጋጨፌ" የሚለው ቃል በትንሽ ሳይዝ በቡናማ ወረቀት ላይ ሲታተም የ"ፌ" ቀለበት በቀለም ተሞልታ ከ"ፊ" ጋር ተምታታች። ስለዚህ ዲዛይነሩ ቀለበቷን አሰፋ፣ የፊደሉንም እግር አሳጠረ። ሁለቱ ጎን ለጎን ይታያሉ። ይህች አንዲት ገጽ ከብዙ የተብለጨለጩ ሎጎዎች ይልቅ ሰውየው እንዴት እንደሚያስብ ትናገራለች።

ስለ ፊደል ካነሣን አይቀር፣ ለእኔ የአገር ቤት ዲዛይነር ትልቁ ሀብት እዚህ ጋ ነው። ላቲን አሳምሮ የሚሠራ ዲዛይነር በዓለም ላይ ሞልቷል። የግዕዝ ፊደልን በሚገባ የሚያደራጅ ግን ጥቂት ነው። ከ200 በላይ ቅርጾች አሉት፤ ትልቅና ትንሽ ፊደል ብሎ ነገር የለም። እንግሊዝኛው ርዕስን በትልልቅ ፊደላት ሲለይ፣ አማርኛው በክብደት፣ በመጠን ወይም በቀለም መለየት አለበት። አማርኛና እንግሊዝኛ አንድ ላይ ሲቀመጡ አንዱ ሌላውን እንዳይውጠው መጠናቸውን ማስተካከልም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ፊደላትን በሚለዩበት ዓለም አቀፍ የጋራ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ተቀላቅሎ ይወጣል። ለማተሚያ ቤት ፋይል ከመስጠት በፊት ጽሑፉን ወደ አውትላይን (ፎንት ወደማይፈልግ ሥዕላዊ ቅርጽ) የመቀየር ልማድ አንዱ ምክንያቱ ይህ ነው። ዛሬ እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ያሉ በነፃ የሚገኙ ፎንቶች አሉ። ፖርትፎሊዮው ውስጥ ቢያንስ አንድ ሥራ በአማርኛ፣ በትግርኛ ወይም በሌላ በፊደሉ በሚጻፍ ቋንቋ ረዘም ያለ ጽሑፍ የያዘ ቢሆን ጥሩ ነው። መጽሔት፣ የምግብ ዝርዝር፣ የአውቶቡስ መስመር ካርታ፣ የሆነ ነገር።

ደንበኛ ገና ያላገኘ ሰው በራሱ የፈጠረውን ሥራ ማስገባት ይችላል። ነውር የለውም። ግን "የልምምድ ሥራ" ብሎ በግልጽ መጻፍ አለበት። የአንድን ባንክ ሎጎ በራስ ፈቃድ ቀይሮ ባንኩ ያዘዘው ማስመሰል ውሸት ነው፤ ከተማው ትንሽ ስለሆነም ቶሎ ይታወቃል። በቡድን የተሠራም ከሆነ የራስን ድርሻ ለይቶ መጻፍ ነው።

የማሳያ ቦታው እንደ ተመልካቹ ይለያያል። ለውጭ ደንበኛ ቢሃንስ የሚባለው የፖርትፎሊዮ ማሳያ ድረ ገጽ የታወቀ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የአዶቢ ንብረት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ቴሌግራም ይቀድማል። ቻናል ከፍቶ ሥራ መለጠፍ ለብዙዎች የመጀመሪያው ፖርትፎሊዮ ነው። ቴሌግራም በፎቶ መልክ የተላከን ምስል እንደሚጨምቀው ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ጥራቱ እንዲጠበቅ በፋይል መላክ ነው። ለሥራ ማመልከቻ ደግሞ ፒዲኤፍ የሚያህል የለም። በስልክ ዳታ የሚከፍት ሰው እንዳይቸገር ፋይሉ ቀለል ይበል።

ሕጉንም ማወቅ ይጠቅማል። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት፣ በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ሥራ ሌላ ስምምነት ከሌለ ባለቤትነቱ የአሠሪው ወይም የአዛዡ ነው። አመንጪው የሥራው ደራሲ መሆኑ እንዲታወቅለት የመጠየቅ የሞራል መብት አለው። ስለዚህ ውል ሲፈረም "ይህን ሥራ በፖርትፎሊዮዬ ማሳየት እችላለሁ" የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ማስገባት ብልህነት ነው። ቀብድም እዚያው ይጻፍ፤ ስንት ጊዜ ማስተካከያ እንደሚደረግም ጭምር። "ትንሽ ብቻ ቀይርልኝ" የሚባለው ማለቂያ የለውም።

ውጭ አገር ለሚማሩ ልጆቻችን መንገዱ ትንሽ ይለያል። በአሜሪካ ብዙ የሥነ ጥበብ ኮሌጆች ከ10 እስከ 20 ሥራ ይጠይቃሉ። ናሽናል ፖርትፎሊዮ ዴይ በሚባለው ዝግጅት ላይ ተማሪዎች ሥራቸውን ይዘው ከኮሌጆቹ ሰዎች ጋር ፊት ለፊት ይነጋገራሉ። እስራኤል ውስጥ ደግሞ በ1906 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኢየሩሳሌሙ በጻልኤል አካዳሚ አለ። እነዚህ ትምህርት ቤቶች ከሶፍትዌር ችሎታ ይልቅ የእጅ ሥዕልን፣ ማስተዋልንና የመሞከር ድፍረትን ይፈልጋሉ።

ቃለ መጠይቅ ላይ ፖርትፎሊዮው ራሱ አይናገርም። አንድን ሥራ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ማስረዳት መለማመድ ያስፈልጋል፤ ምን ችግር ነበር፣ ምን ሞከርኩ፣ ለምን ይህንን መረጥኩ። ብዙ ጎበዝ ልጆች እዚህ ጋ ዝም ይላሉ። ስለ ራስ መናገር እንደ ጉራ ስለሚቆጠር ይሆናል። ስለ ሥራው መናገር ግን ጉራ አይደለም። ከጓደኛ ወይም ከእህት ፊት ቁጭ ብሎ ጮክ ብሎ ማስረዳት ይረዳል። የዲዛይን ሰው ባይሆኑ ደግሞ ይመረጣል፤ ያልገባቸውን ወዲያው ይጠይቃሉ፤ ቀጣሪውም የሚጠይቀው ያንኑ ነው።