ቁጥር ሥዕል ሲሆን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ረጅም ሰንጠረዥ ሲሰጡኝ ዓይኔ ሦስተኛው መስመር ላይ ይደክማል። ያው ቁጥር በጥሩ ግራፍ ሲመጣ ግን ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ፈዝዤ እቀራለሁ። ስለ እነዚህ ሥዕሎች ብዙ ይወራል፤ ሁሉም ግን ልክ አይደለም። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ሥዕሉ ማሳመሪያ ነው»

ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሻርል ሚናር በ1869 አንድ ካርታ አሳተመ። ዕድሜው 88 ነበር። ካርታው ናፖሊዮን በ1812 ሩሲያን ሊወር ሲዘምት ጦሩ እንዴት እንደረገፈ ያሳያል። ጦሩን እንደ ወንዝ ነው የሣለው፤ አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት 10,000 ሰው ነው። ሲነሳ 422,000 ነበር፤ ከአራት ሳንቲ ሜትር በላይ ይወፍራል። ሞስኮ ሲደርስ 100,000 ቀርቷል። የመመለሻው መንገድ ጥቁር ነው፤ ከሥሩ የብርዱ መጠን ተጽፏል። ቤሬዚና ወንዝ ላይ 50,000 የነበረው ወደ 28,000 ይወርዳል። ማብቂያው ላይ 10,000 ሰው፣ አንዲት ሚሊ ሜትር። አንድም ወታደር፣ አንድም አስከሬን አልተሣለም። ግን ሆድ ያባባል። ከዚህ ላይ የትኛው ነው ማሳመሪያ ተብሎ የሚነሳው?

«ኮምፒውተር ያመጣው ነው»

ኧረ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ዊልያም ፕሌይፌር የመስመርና የዘንግ ግራፎችን ያሳተመው በ1786 ነው። ክቡን ግራፍ በ1801 ጨመረበት።

«የስኖው ካርታ ኮሌራውን አስቆመ»

ይቺ ታሪክ በጣም ታምራለች፤ ችግሯም እሱ ነው። በ1854 የለንደኑ ሶሆ ሰፈር በኮሌራ ያልቃል። ዶክተር ጆን ስኖው ሟቾችን ካርታ ላይ ምልክት ያደርጋል፣ ምልክቶቹ አንድ የውሃ ፓምፕ ዙሪያ ይከመራሉ፣ እጀታው ይነቀላል፣ ወረርሽኙ ያቆማል። እንዲህ ነው የሚወራው።

እጀታው የተነቀለው ሴፕቴምበር 8 ቀን ነው። ካርታው የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስኖው ኃላፊዎቹን ያሳመነው የሟቾችን ዝርዝር ይዞ፣ ቤት ለቤት እየዞረ ጠይቆ ነው። በዚያ ላይ ነዋሪው ሰፈሩን ጥሎ ሸሽቶ ስለነበር በሽታው ቀድሞም መብረድ ጀምሯል። አጠገቡ ካለው ቢራ ፋብሪካ ሠራተኞች ደግሞ አንድም ሰው አልሞተም፤ ቢራ እያላቸው የፓምፑን ውሃ ማን ይጠጣል? ካርታው ይህን ሁሉ በአንድ እይታ አስረዳ እንጂ ምንጩን ያገኘው እሱ አልነበረም።

«ካርታ አይዋሽም»

የካርታ ሠሪው የመርካቶር የዓለም ካርታ ላይ ግሪንላንድ አፍሪካን ታክላለች። እኔም ልጅ ሳለሁ ሰው የሞላባት ሌላ አፍሪካ ትመስለኝ ነበር። አፍሪካ ግን 14 ጊዜ ያህል ትበልጣታለች። ሁለት ኢትዮጵያ ጎን ለጎን ብታስቀምጡ ግሪንላንድን ይተካከላሉ። ካርታው በ1569 ሲሠራ ለመርከበኛ አቅጣጫ መያዣ ነበር፤ ለዚያ ደግሞ እስከ ዛሬ ጎበዝ ነው። ነገሩ የተበላሸው ከመርከብ ወርዶ የክፍላችን ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ነው።