ሽመን ሩራል ምንድን ነው? በፈረንሳይ የወይን አገር የጠጠር መንገዶች የማን ናቸው?

ሰፋ ያለ ጎማና ወደ ታች የታጠፈ መሪ ያለው፣ «ግራቭል» የሚባለው ብስክሌት በአውሮፓ ከተስፋፋ ወዲህ፣ በፈረንሳይ የወይን እርሻዎች መካከል ከመኪና ርቆ መጓዝ የብዙዎች ምርጫ ሆኗል። ስለዚህ ጉዞ የሚጻፈው በአመዛኙ ስለ አካባቢው ውበት፣ ስለ ወይን ጠጁና ስለ ብስክሌቱ ዓይነት ነው። መንገዱ ራሱ የማን እንደሆነ፣ ለምን እስከ ዛሬ አስፋልት ሳይለብስ እንደቀረና እንግዳ ሰው በምን መብት እንደሚያልፍበት ግን እምብዛም አይነሳም። የእነዚህን ጥያቄዎች መልስ ለማግኘት ሽመን ሩራል የሚባለውን የመንገድ ዓይነት ማወቅ ያስፈልጋል።

የፈረንሳይ የገጠር ሕግ እንደሚደነግገው፣ ሽመን ሩራል የኮሙን (በከንቲባ የሚመራው ዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን) ንብረት የሆነ፣ ለሕዝብ መተላለፊያ የሚያገለግል፣ ነገር ግን ከኮሙኑ መደበኛ መንገዶች ጋር ያልተመደበ የገጠር መንገድ ነው። ባለቤትነቱ ለየት ያለ ነው። መደበኛው መንገድ የማይሸጥና የማይለወጥ የሕዝብ ሀብት ሲሆን፣ ሽመን ሩራል ግን ኮሙኑ እንደ ማንኛውም ባለንብረት የሚይዘው የግል ይዞታው ተደርጎ ይቆጠራል፤ ያም ሆኖ ሕዝብ እየተጠቀመበት እስካለ ድረስ ኮሙኑ እንደፈለገ ሊዘጋው አይችልም። ሕዝብ የሚያልፍበት መንገድ ተቃራኒ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ የኮሙኑ ነው ተብሎ ይገመታል።

ይህ አደረጃጀት ረጅም ታሪክ አለው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1881 የወጣ ሕግ ለገጠር መንገዶች ራሱን የቻለ ሥርዓት አበጀላቸው፤ በ1959 ደግሞ ኮሙኖች ይበልጥ አስፈላጊ የሆኑትን መንገዶች መርጠው በመደበኛነት እንዲመዘግቡ ተደረገ። ያልተመረጡት ሽመን ሩራል ሆነው ቀሩ። ለብስክሌተኛ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ይህ ክፍፍል ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ኮሙኑ መደበኛ መንገዶቹን የመጠገን ግዴታ ሲኖርበት፣ ሽመን ሩራልን ግን በመርህ ደረጃ ለመጠገን አይገደድም። ጥቂት መቶ ነዋሪዎች ብቻ ያሉት መንደር ግዴታ በሌለበት ቦታ አስፋልት የሚያለብስበት ገንዘብም ምክንያትም የለውም። ስለዚህ ዛሬ ለጎብኚ እንደ ጸጋ የሚታየው ነጭ የኖራ ድንጋይ ጠጠር ለመዝናኛ ታስቦ የተነጠፈ አይደለም፤ በጀት ስላልደረሰው የተረፈ የእርሻ መንገድ ነው። ጸጥታውም ቢሆን በሕግ የተረጋገጠ አይደለም፤ ከንቲባው ደንብ አውጥቶ ካልከለከለ በቀር በብዙዎቹ ሽመን ሩራሎች ላይ መኪና ማለፍ ይችላል። መኪና የማይመጣው መንገዱ ከወይን ተክል በስተቀር የትም ስለማያደርስ ነው።

በቦታው ላይ የሚያሳስተው ነገር፣ በዓይን አንድ የሚመስሉ ሌሎች መንገዶች መኖራቸው ነው። «ሽመን ዴክስፕሏታስዮን» የሚባለው የእርሻ መንገድ የግራና የቀኝ ባለመሬቶች የጋራ መገልገያ ሲሆን፣ እነርሱ ካልፈለጉ ለሕዝብ ሊዘጋ ይችላል። ከዚህም በላይ የሚያሳስተው በወይን ረድፎች ጫፍ ላይ የሚተወው ሣር የበቀለበት ቦታ ነው። በምሥራቅ ፈረንሳይ ባለው የቡርጎኝ ወይን አብቃይ አካባቢ፣ የወይን ተክል አንዱ ከሌላው አንድ ሜትር ገደማ ተራርቆ ይተከላል፤ በአንድ ሄክታር ወደ 10,000 ተክል ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ጠባብ ረድፍ መካከል ተራ ትራክተር ስለማይገባ ገበሬው የሚጠቀመው እግረ ረጅም ትራክተር ነው፤ ይህ ትራክተር ረድፉን በእግሮቹ መካከል አድርጎ ከላይ እየተራመደ ይሄድና ጫፍ ሲደርስ በዚያ ሣር ላይ ዞሮ ወደ ቀጣዩ ረድፍ ይገባል። ጎማው የቆፈረው ቦይ ለብስክሌተኛ መንገድ ይመስለዋል፤ መቶ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ግን የድንጋይ አጥር ይገጥመዋል፣ ወይም ራሱን በሰው እርሻ መካከል ያገኘዋል። የመሬት መዝገብ ካርታ፣ ማለትም ካዳስተር፣ እዚህ ላይ ከስልክ መተግበሪያ ይበልጣል፤ ሽመን ሩራል በካዳስተር ላይ ብዙውን ጊዜ የይዞታ ቁጥር ሳይኖረው ስሙ ብቻ ተጽፎበት ይታያል።

ለምሳሌ በዚያው በቡርጎኝ፣ ከዲዦን ከተማ በስተደቡብ ያለውን የቦን ከተማ አካባቢ እንውሰድ። ከቦን ተነስቶ በፖማር፣ በቮልኔ፣ በሜርሶና በፑሊኚ ሞንራሼ አድርጎ ሳንትኔ የሚደርሰው «ቯ ደ ቪኝ» የተባለው የብስክሌት መስመር 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአመዛኙ ጠንካራ ንጣፍ ያለው፣ ምልክቱ የተሟላና ለልጆችም የሚመች ነው፤ በዚያው ልክ ደግሞ በአውሮፓ በጋ (ከሰኔ እስከ ነሐሴ) ሰው ይበዛበታል። የቡርጎኝ የወይን መሬቶች፣ በአካባቢው አጠራር «ክሊማ» የሚባሉት፣ በ2015 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ ወዲህ ቀድሞም የታወቀው ስፍራ ይበልጥ ታውቋል። ጸጥታ የሚፈልግ ሰው ዝነኞቹን መንደሮች ትቶ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ኦት ኮት ከፍታዎች ቢወጣ ይሻለዋል። ከሜርሶ በኦክሴ ዱሬስ በኩል ወደ ሳን ሮማን፣ ከዚያም በገደል ሥር ወዳለችው ኦርሽ ሲኬድ የወይን እርሻው እየተቆራረጠ ከግጦሽና ከጫካ ጋር ይቀላቀላል። ገበሬዎች ከማሳቸው ለቅመው የከመሯቸው የድንጋይ ክምሮች በመንገዱ ዳር ተሰልፈው ይታያሉ። አፈሩ ኖራማ ሸክላ በመሆኑ ከዝናብ በኋላ ጎማ ላይ ተለጥፎ ብስክሌቱን እስከማስቆም ይደርሳል። 40 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ ጎማ ለደረቁ ቀን በቂ ሲሆን፣ ለእርጥቡ ቀን ግን የጎማው ስፋት ሳይሆን በጎማና በሹካው መካከል ያለው ክፍተት ነው ወሳኙ።

በእንዲህ ያሉ መንገዶች ላይ ትልልቅ የብስክሌት ተወዳዳሪዎችም አልፈዋል። በ1896 የተጀመረው የፓሪስ–ቱር ውድድር ከ2018 አንሥቶ በሎዋር ሸለቆ፣ በቩቭሬ አካባቢ ያሉ የወይን እርሻ መንገዶችን በመስመሩ ውስጥ አስገባ። በቀጭን ጎማ የመጡት ተወዳዳሪዎች ጎማቸው እየፈነዳ ሲቸገሩ፣ ከቡድን መሪዎች መካከል ምርጫውን አጥብቀው የነቀፉ ነበሩ።

ጎብኚ ማስታወስ ያለበት ሌላው ጉዳይ መንገዱ በመጀመሪያ የሥራ ቦታ መሆኑን ነው። ከግንቦት አንሥቶ በበጋው ወራት ተክሉ ከሻጋታ በሽታ እንዲጠበቅ ደጋግሞ መድኃኒት ይረጫል፤ በተፈጥሯዊ መንገድ የሚያመርቱት ገበሬዎችም ቢሆኑ መዳብ ይረጫሉ። ሕጉ ከርጭት በኋላ ሠራተኛ ወደ ማሳው እንዳይገባ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ከ6 እስከ 48 ሰዓት ይከለክላል። ይህ ክልከላ ማሳውን እንጂ መንገዱን የሚመለከት ባይሆንም፣ ትራክተር እየረጨ ሲመጣ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ሆኖ እስኪያልፍ መጠበቅ ይገባል። በለቀማ ወቅት፣ ብዙውን ጊዜ በመስከረም፣ የጭነት ጋሪዎች ጠባቡን መንገድ ይሞሉታል፤ ከመስከረም እስከ የካቲት ደግሞ በኦት ኮት ጫካዎች አደን ስላለ ደማቅ ልብስ መልበስ ይመከራል።

የሽመን ሩራል ትልቁ ስጋት ከጎብኚው አይመጣም። የኮሙኑ የግል ይዞታ ስለሆነ፣ ጎረቤት ባለመሬት ለ30 ዓመት ያለ ተቃውሞ እንደ ራሱ ከያዘው በይርጋ የራሱ ሊያደርገው ይችላል። በጣም የታወቁት ማሳዎች አንድ ሄክታር በሚሊዮን ዩሮዎች በሚሸጥበት አገር፣ ጥቂት ሜትር ስፋት ባለው መንገድ ላይ አንድ ረድፍ ወይን መጨመር ቀላል ፈተና አይደለም። ኮሙኑም ቢሆን መንገዱ አገልግሎት መስጠት አቁሟል ብሎ ከወሰነ፣ የሕዝብ አስተያየት ከሰበሰበ በኋላ ሊሸጠው ይችላል፤ ቅድሚያ የሚሰጠውም ለአጎራባች ባለመሬቶች ነው። በ2022 የወጣው ሕግ ኮሙኖች መንገዶቻቸውን መቁጠር ሲጀምሩ የይርጋው ዘመን መቆጠሩን እንዲያቆም አድርጓል፤ መንገድን በመሬት መለወጥንም ፈቅዷል። ከዚያ በፊት፣ ከ1983 ጀምሮ፣ እያንዳንዱ ክፍለ ሀገር የእግርና የመዝናኛ ጉዞ መስመሮችን በዕቅድ እንዲመዘግብ ተደንግጎ ነበር፤ በዚህ ዕቅድ የገባ ሽመን ሩራል የጉዞውን መስመር የሚያስቀጥል ምትክ ሳይዘጋጅለት ከተሸጠ ሽያጩ ፈራሽ ነው። ይሁንና መንገዱ በዕቅዱ ውስጥ የሚገባው የኮሙኑ ምክር ቤት ሲስማማ ብቻ በመሆኑ፣ ሁለት አጎራባች መንደሮች አንዱ መንገዶቹን ሁሉ ሲያስመዘግብ ሌላው አንድም ሳያስመዘግብ ሊቀር ይችላል። ባልተመዘገበው በኩል ሽያጭ ሲታሰብ አስተያየት የሚሰበሰብበት መዝገብ በከንቲባው ጽሕፈት ቤት ይከፈታል፤ በዚያ መዝገብ ላይ የመንደሩ ነዋሪ ያልሆነ ሰውም ሐሳቡን መጻፍ ይችላል።