ማሞቂያው ላይ ያለው «2000 ዋት» ምን ይላል?
የጦሳ ተራራ ብርድ ሲበረታ ደሴ ላይ የከሰል ምድጃውን ትቶ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ የሚገዛ አለ። ደግ አደረገ፤ የፋመ ከሰልም ቢሆን በተዘጋ ቤት ሽታ የሌለው መርዝ ይለቃል።

ግራ የሚያጋባው ጀርባው ላይ ያለው «2000 ዋት» ነው። የሙቀቱን ልክ ብቻ ሳይሆን ከመስመሩ የሚስበውንም ይነግራል። ለቤት መስመሩ 220 ቮልት ሲካፈል የሚስበው ጅረት 9 አምፔር ገደማ ነው። ለመብራት በተዘረጋ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ላይ ከኤሌክትሪክ ምጣድ ጋር ከተሰካ ሽቦው ይግላል፣ ሶኬቱ ይጠቁራል። ብሬከሩ (መስመሩ ከልክ በላይ ሲጫን ኃይሉን የሚቆርጠው) ሲወድቅ በትልቅ መቀየር (የሰፈራችን መድኃኒት!) ሽቦውን ያለ ጠባቂ መተው ነው። ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ ለማሞቂያው ለብቻው ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና ባለ 16 አምፔር ብሬከር አስገቡለት።