መርዙ ለጅብ ነው፣ ጥንብ አንሳውን አይነካም? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ፊቱ ቀላ ያለው፣ ምንቃሩ የቀጠነው፣ በእንግሊዝኛ ሁድድ ቨልቸር የሚባለው ትንሹ ጥንብ አንሳ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዝርያዎች ተርታ ይገኛል። ይህን በተናገርኩ ቁጥር «ቄራ ሄደህ እይ፣ ሞልቷል» እባላለሁ። ቄራ ምግብ ስላለ ወፎቹ ከየአቅጣጫው የሚሰበሰቡበት ቦታ ነው፤ እዚያ መብዛታቸው በአገር ደረጃ መትረፋቸውን አያሳይም።

«በሽታ ያዛምታል» የሚባለውም ስህተት ነው፤ የጨጓራው አሲድ ከጥንቡ ጋር የሚገቡትን አብዛኞቹን ጀርሞች ይገድላል። ጥንቡን የሚያገኘውም በማሽተት ሳይሆን በዓይኑ አይቶ ነው። የት እንዳለ በካርታ ላይ ለማየት ጀርባው ላይ የምናስረው በፀሐይ ኃይል የሚሠራ መከታተያም ቢሆን ከወፉ ክብደት 3 በመቶ እንዳይበልጥ ተመጥኖ ስለሚመረጥ መብረር አይከለክለውም።

ትዕግሥቴን የሚያስጨርሰኝ ግን «መርዙን ያስቀመጥነው ለጅብና ለውሻ ነው፣ አሞራውን ማን ነካው?» የሚለው ማስተባበያ ነው። መርዝ የሚበላውን አይመርጥም። አንዱ ሲወርድ ያየ ሌላው ይከተለዋል፤ ስለዚህ አንድ በድን የአንድ አካባቢን ጥንብ አንሳ ሁሉ ሊጨርስ ይችላል። በ2019 እ.ኤ.አ. ቦትስዋና ውስጥ ሕገወጥ አዳኞች ገድለው በድናቸውን በመረዙት 3 ዝሆኖች ምክንያት 537 ጥንብ አንሳዎች አልቀዋል። ጥንዶቹ በአንድ የመራቢያ ወቅት የሚጥሉት አብዛኛውን ጊዜ አንድ እንቁላል ብቻ በመሆኑ እንዲህ ያለው ጉዳት በቀላሉ አይተካም። በካርታው ላይ ሲዘዋወር የነበረ ነጥብ በድንገት አንድ ቦታ ሲረጋ ልቤ የሚደነግጠው ለዚህ ነው፤ አንድ ጊዜ ነጥቡን ተከትለን ስንደርስ ወፉ ክንፉን ዘርግቶ በደረቱ ወድቆ፣ አጠገቡ ግማሹ የተበላ አህያ ተጋድሞ፣ ዝንቦቹ እንኳ በበድኑ ዙሪያ ረግፈው አግኝተናል።

ውሻን ለመቀነስ ተብሎ መመረዙ ደግሞ ውጤቱ ተቃራኒ ነው። በሕንድ ዳይክሎፌናክ የተባለ የከብት መድኃኒት ጥንብ አንሳዎቹን ከጨረሰ በኋላ የተረፈውን ጥንብ የወረሱት ውሾች ናቸው፤ ውሻ ሲበዛ የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋትም አብሮ ጨመረ።

ጅብ ያስቸገረው አርብቶ አደር በረቱን በእሾህ አጥር ያጠናክር፣ ጥጃና ግልገሉን ሌሊት ያስገባ። ከተሞችም ውሾችን ይከትቡ፣ ያምክኑ። የተመረዘ በድን ያየ ሰው በእጁ ሳይነካ፣ ከብቱንና ውሻውን አርቆ፣ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ወዲያውኑ ያሳውቅ፤ በድኑ በዚያው ቀን ካልተቃጠለ ወይም በጥልቀት ካልተቀበረ በማግስቱ ሌላ መንጋ ይወርድበታል።