ከመሬት በታች 3 ኪሎሜትር ወርዶ ባክቴሪያ መልቀም

ጆሃንስበርግን ብዙ ሀበሻ የሚያውቃት ሀበሾች በሚነግዱበት ጄፒ በሚባለው ሰፈር ሱቆች ነው። ከዛ ወደ ደቡብ ምዕራብ በመኪና አንድ ሰአት ገደማ ስትነዱ ካርልተንቪል የምትባል የማዕድን ከተማ አለች፣ እሷ አካባቢ ነው እንግዲህ ምፖኔንግ የሚባለው የወርቅ ጉድጓድ ያለው፣ ስሙ በሶቶ ቋንቋ «እየኝ» እንደማለት ነው፣ ጥልቀቱ ወደ 4 ኪሎሜትር ስለሚጠጋ ከአለም ጥልቅ ማዕድን ማውጫዎች አንደኛ ተርታ ላይ ነው። እታች አለቱ ራሱ ከ60 ዲግሪ በላይ ይግላል፣ ሰው እንዲሰራበት ከላይ በረዶ በውሀ እየተላከ ነው አየሩ የሚቀዘቅዘው። ማዕድን ቆፋሪው ወርቁን ሲያሳድድ እዛው ጎን ሌላ ጉዳይ ይዘው የሚወርዱ ሰዎች አሉ፣ ከአለቱ ስንጥቅ የሚወጣ ውሀ ፈላጊዎች፣ ምክንያቱም ውሀው ውስጥ ፀሀይ አይታ የማታውቅ ህይወት አለች።

እዚህ ሙያ ውስጥ ባክቴሪያ አገኘሁ ማለት ብቻውን ምንም አይደለም። ባክቴሪያ የትም አለ፣ ጓንትህ ላይ አለ፣ የድሪሉ ጫፍ ላይ አለ፣ ቆፋሪዎቹ መሰርሰሪያውን በሚያቀዘቅዙበት ውሀ ውስጥ ደግሞ ሞልቷል። ጭቅጭቁ ሁሉ ያለው ይሄ ነገር የታች ነው ወይስ እኛው ይዘነው ወርደን ነው የሚለው ላይ ነው፣ የዘርፉን ታሪክ ስታነቡት ግማሹ በሉት ይሄ ጥርጣሬ ነው።

በ1926 (አመተ ምህረቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ኤድሰን ባስቲን የሚባል የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ጂኦሎጂስት ከነዳጅ ጉድጓድ የሚወጣ ውሀ ለምን የተበላሸ እንቁላል እንደሚሸት ሲያጣራ፣ ፍራንክ ግሪር ከሚባል የባክቴሪያ ባለሙያ ጋር ሆኖ ኦክስጅን ትተው ሰልፌት የሚተነፍሱ ባክቴሪያዎችን ከዛ ውሀ ላይ አሳደጉ። ሰው ምን አለ? ቁፋሮው ነው ያስገባቸው አለ። በቃ፣ ነገሩ እዛው ላይ ቀረ ማለት ይቻላል፣ ብዙ አስርት አመት። መልሶ የነቃው በ1980ዎቹ የአሜሪካ ኢነርጂ መስሪያ ቤት ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ሳቫና ሪቨር የሚባለው የኒውክሌር መሳሪያ ግቢ ላይ መቆፈር ሲጀምር ነው፣ ምክንያቱም የተቀበረው መርዛማ ቆሻሻ ከመሬት በታች ሲንቀሳቀስ ባክቴሪያ ያገኘዋል ወይ የሚለው ጥያቄ አሳስቧቸው ነበር። የዚህ ፕሮግራም ትልቁ ውለታ በኔ እይታ ያገኟቸው ባክቴሪያዎች ሳይሆኑ ያስተማሩት ጥንቃቄ ነው። ዘዴው ሲያዩት ተራ ነገር ይመስላል፣ መቆፈሪያው ፈሳሽ ውስጥ ቀለም ወይም ልዩ ኬሚካል ይጨምራሉ፣ ወይም በባክቴሪያ ልክ የተሰሩ የሚያበሩ ጥቃቅን የፕላስቲክ እንክብሎች፣ ከዛ ወጥቶ የመጣውን የአለት ዘንግ የውጪውን ልጠው ይጥሉና ውስጡን ይመረምራሉ፣ እንክብሏ ውስጥ ድረስ ከገባች ባክቴሪያም ገብቷል ማለት ነው፣ ያ ናሙና ይጣላል። ስንት ብር የወጣበት ናሙና እኮ ነው።

ማዕድን ማውጫ ውስጥ ደግሞ አሰራሩ ትንሽ ይለያል። ቆፋሪዎቹ ፊት ለፊታቸው ውሀና ጋዝ እንዳለ ለማወቅ ቀድመው ቀጭን ቀዳዳ ይበሳሉ፣ ተመራማሪዎቹ የሚጠቀሙት እሱን ነው። ቀዳዳው አፍ ላይ ያፀዱትን ቫልቭ ያስሩና ውሀውን ዝም ብለው ያፈሱታል፣ የመጀመሪያው ውሀ የቀዳዳውን ግድግዳ አጥቦ ስለሚመጣ አይታመንም። ከዛ በኋላ ነው ቱቦና ፊልተር የሚገጠመው፣ አየር እንዳይነካው ተደርጎ፣ ምክንያቱም ለነዚህ ፍጥረታት ብዙዎቹ ኦክስጅን መርዝ ነው። ውሀው በጣም ንፁህ ስለሆነ፣ ማለትም በአንድ ሚሊሊትር ውስጥ ብዙ ህዋስ ስለማይገኝ፣ ፊልተሩን እዛው ጥለውት ይወጡና ከቀናት ወይም ሳምንታት በኋላ ይመለሱለታል። ጎን ለጎን ደግሞ የማዕድኑን የራሱን የስራ ውሀ ይቀዳሉ፣ ዲኤንኤው ሲነበብ ሁለቱ ከተመሳሰሉ ድካሙ ውሀ በላው።

ምፖኔንግ ላይ በዚህ መንገድ 2.8 ኪሎሜትር ላይ 5,600 ሊትር ውሀ አጣሩ። ቡድኑ ውስጥ የአሜሪካው ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ቱሊስ ኦንስቶት ነበረበት፣ በ2021 ያረፈ፣ የዚህ ሙያ አባት ብለው ብዙዎች የሚጠሩት ሰው ነው። ውጤቱ በ2008 ሲወጣ ፊልተሩ ላይ ካለው ዲኤንኤ ከ99.9 በመቶ በላይ የአንድ ዝርያ ሆኖ ተገኘ። አንድ ዝርያ ብቻ! ተፈጥሮ ውስጥ አንዱ የሌላውን ትራፊ እየበላ ነው የሚኖረው፣ ይሄኛው ግን ካርቦኑንም ናይትሮጅኑንም ራሱ አዘጋጅቶ፣ የሚያስፈልገውን ሁሉ በ2,157 ጂን ውስጥ ተሸክሞ ብቻውን ይኖራል፣ ጎረቤት የለ ምን የለ። ስሙን ዴሱልፎሩዲስ አውዳክስቪያተር አሉት፣ አውዳክስ ቪያተር በላቲን ደፋር መንገደኛ ማለት ነው፣ ዡል ቬርን ስለ መሬት መሀል ጉዞ ከጻፈው ልብወለድ የተወሰደ።

ምን ይበላል? ይሄ ነው እኔን የገረመኝ። አለቱ ውስጥ ዩራኒየም አለ፣ የዩራኒየሙ ጨረር ውሀውን ይሰነጥቀዋል፣ ሃይድሮጅን ይወጣል። ከዛው ስንጠቃ የሚወጡት ሌሎች ቁሶች ደግሞ ፓይራይት የሚባለውን ወርቅ መሳይ ማዕድን ይበሉትና ሰልፌት ይሰጣሉ። ባክቴሪያው ሃይድሮጅኑን ይበላል በሰልፌቱ ይተነፍሳል። ከፀሀይ ምንም ሳይጠብቅ፣ ራዲዮአክቲቭ ድንጋይ እየጋገረለት ማለት ነው። ውሀው ከላይኛው አለም ከተለየ ከ3 እስከ 25 ሚሊዮን አመት ይሆነዋል ተብሎ ተገምቷል።

ከዛ ወዲህ ይሄው ባክቴሪያ ምዕራብ ሳይቤሪያ ውስጥ በጥልቅ ጉድጓድ ውሀ ላይ ተገኘ፣ ሩሲያዎቹ እንደውም በ2019 ላብ ውስጥ አሳደግነው አሉ፣ ካሊፎርኒያም ተገኘ። በ2021 በሶስቱ አህጉር የተገኙት ጂኖሞች፣ ማለትም ሙሉ ዲኤንኤዎቻቸው ሲነፃፀሩ ልዩነታቸው በጣም ትንሽ ሆነ። ተመራማሪዎቹ የሰጡት ማብራሪያ አህጉሮቹ ሳይለያዩ በፊት ጀምሮ ዝግመተ ለውጡ ቆሞበታል ማለት ይቻላል የሚል ነው። በርግጥ እዚህም መጀመሪያ የተነሳው ጥያቄ ያው የፈረደበት ጥያቄ ነበር፣ ናሙናዎቹ ላብ ውስጥ ተቀላቅለው ቢሆንስ፣ ወይ ባክቴሪያው በቅርቡ ተጉዞ ቢሆንስ? እሱን ሁሉ አጣርተው ነው እዛ የደረሱት።

ባክቴሪያ ብቻ መስሏችሁ እንዳይሆን፣ በ2011 ቤልጂየማዊው ጋታን ቦርጎኒ ከነ ኦንስቶት ጋር ሆኖ እዛው ደቡብ አፍሪካ ቢያትሪክስ የሚባል የወርቅ ጉድጓድ ውስጥ 1.3 ኪሎሜትር ላይ ትል አገኘ። ግማሽ ሚሊሜትር የምታክል፣ ባክቴሪያ የምትግጥ። በሜፊስቶፌሌስ፣ ማለትም በሰይጣኑ ስም ሰየማት። ከቆፋሪ ቡት ጫማ የወረደች ናት እንዳይባል የአካባቢውን አፈርና የማዕድኑን የስራ ውሀ በብዛት አጣርቶ እንደሌለችበት አሳየ፣ የተገኘችበት ውሀም እድሜው በሺዎች አመት የሚቆጠር ነበር።

ከባህር ወለል በታችም ይቆፈራል። የጃፓኗ ቺክዩ መርከብ በ2012 ሺሞኪታ አጠገብ ከባህሩ ወለል 2,466 ሜትር ወርዳ የድሮ ረግረግ ጫካ የነበረ የድንጋይ ከሰል ውስጥ ህዋስ አግኝታለች፣ የሚገርመው ዝርያዎቹ የጫካ አፈር ውስጥ ያሉትን ይመስላሉ። እዛ ጥልቀት ላይ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ከ10 ያነሰ ህዋስ ነበር አንዳንዱ ቦታ፣ በዚህ ትንሽ ብዛት ላይ የመቆፈሪያው ፈሳሽ ባክቴሪያ ሲደመርበት አስቡት፣ የታቹን ከላይኛው መለየት በስሌት ሆነ።

ይሄ ጭቅጭቅ እኛም ጋ መጥቷል፣ ከመሬት በታች ባይሆንም። ዳሎል ላይ በ2019 የስፔን ቡድን እጅግ ጥቃቅን ህዋሶች አገኘን ሲል የፈረንሳዩ ቡድን በዛው አመት እጅግ አሲዳማና ጨዋማ በሆኑት ኩሬዎች ውስጥ ህይወት የለም አለ፣ ህዋስ የሚመስለው የማዕድን ቅንጣት ሊሆን ይችላል፣ ዲኤንኤውም ከሌላ የመጣ ሊሆን ይችላል ብሎ። ቱሪስት በሚረግጠው ቦታ ላይ እንዲህ ከሆነ 3 ኪሎሜትር ታች ያለውን አስቡት።

ጥቅሙ ምንድነው ለሚል፣ ስዊድንና ፊንላንድ የኒውክሌር ቆሻሻ በመዳብ ጣሳ አድርገው አለት ውስጥ ሊቀብሩ ነው፣ ሰልፌት ተንፋሾቹ የሚያወጡት ሰልፋይድ ደግሞ መዳብ ይበላል፣ ስለዚ እዛ ባክቴሪያው ቀልድ አይደለም። ሃይድሮጅን ከመሬት በታች እናከማች የሚሉትም ባክቴሪያው እየበላ ወደ ሚቴን እንዳይቀይርባቸው ይሰጋሉ።

ችግሩ ወደ ታች መውረጃው የሳይንቲስቱ አይደለም፣ የማዕድኑ ባለቤት ነው። ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ ሆምስቴክ የሚባለው የወርቅ ጉድጓድ ሲዘጋ በ2003 ፓምፖቹ ቆሙ፣ ውሀው ታችኛውን ክፍል እየሞላ ለአመታት ወጣ፣ በ2008 ነው እንደገና መቅዳት የተጀመረው። አሁን ቦታው ላብ ሆኗል፣ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከ244 እስከ 1,478 ሜትር ጥልቀት ድረስ ያሉ የድሮ ቀዳዳዎችን አፋቸውን ዘግተው ቫልቭ አስረውባቸዋል፣ በየተወሰነ ወሩ ወርደው ከፍተው ይቀዱና መልሰው ይዘጋሉ።